ትንፋሽ ይቀዳል ወይ?

የልጅ ልጄ የምታየው ተከታታይ ድራማ ሰሞኑን የመግቢያ ሙዚቃው ተቀየረ። «ውይ፣ የድሮው ይሻል ነበር» አለችና ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ የድሮውን አሰማችኝ። ከዚያ እየሳቀች ወደ ድራማዋ ተመለሰች። እኔ ግን ተነስቼ ጓዳ ገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሙዚቃ ተቀየረ ብላ የምታለቅስ አሮጊት መባል አልፈለግሁም።

ልጅ እያለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ የምንኖረው ጎንደር አራዳ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። እናቴ የሻረግ ድብ ባሕር ከሚባል ገጠር የመጣች ናት፤ ወደ ከተማ ስትገባ ይዛው የመጣችው ዘመድ ታናሽ ወንድሟን ደሴን ብቻ ነበር። እናታቸው በአራስነቷ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። «እናንተ የሆድ ልጆቼ፣ እሱ የጀርባ ልጄ» ትለን ነበር። ደሴ ዋሽንት ይነፋል። ከትንሽነቱ ጀምሮ ደረቱን ስለሚያመው፣ በዜማው መሐል ትንፋሽ ሲወስድ «እህ» የምትል ድምፅ ታመልጠዋለች። እኛ ልጆች በዚያች «እህ» እናሾፍበት ነበር፤ እሱም አብሮን ይስቃል።

አንድ ቀን በጭነት ማኪና ተሳፍሮ አዲስ አበባ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ወሬው ደረሰን፤ ደሴ ሬድዮ ላይ ይነፋል ተባለ። እሑድ ማታ የሚቀርብ ተከታታይ ትረካ ነበር። በእኛ ሰፈር ሬድዮ የነበረው ጨርቅ ነጋዴው አያ ፈንቴ ብቻ ስለሆነ የሱቁ መስኮት ላይ ያስቀምጠዋል፣ ሰፈሩም ከሥሩ ይሰበሰባል። የአዲስ አቡጀዲና የጋለ ሬድዮ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ትረካው ከመጀመሩ በፊት የደሴ ዋሽንት ይመጣል፣ መሐሉ ላይም «እህ» ይላል።

እናቴ ትረካውን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። ለእሷ ዝግጅቱ ያ ዋሽንት ነው። ሬድዮው ሲንሿሿ «ልጄን ጉንፋን ይዞታል» ብላ ስትሰጋ ታድራለች። ሲጠራ ደግሞ «ዛሬስ ሸጋ አድርጎ ነፋው፤ እራቱን በልቷል» ትላለች። ደሴ በየእሑዱ እዚያ ቆሞ የሚነፋ ነበር የሚመስላት። እኛስ መቼ ሌላ መሰለን?

መርዶው የመጣው አንድ ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ነው። አባቴ ከአዲስ አበባ ከመጣ ሹፌር ቀድሞ ሰምቶ ኖሯል። ደሴ ደረቱ በርትቶበት ሆስፒታል ተኝቶ ሞቷል፤ የቀበሩትም የማያውቁት ሰዎች ናቸው። እንደ ወጉ የንስሐ አባታችን ከጎረቤቶች ጋር ገብተው ነገሯት። ሴቶቹ እሪ ሊሉ ሲሉ እናቴ እጇን አነሳች።

«ምነው? ትናንት ማታ ሲነፋ ሰምቼው! ምነው አያ ፈንቴ፣ አብረን አይደል የሰማነው?»

አያ ፈንቴ ጋቢውን አስተካከለ። «እህቴ የሻረግ፣ እሱ እኮ ቀድተውት ነው። አንዴ ነፍቶ በቴፕ ክር ላይ ተቀድቷል። በየእሑዱ የሚለቁት እሱኑ ነው።»

«ትንፋሽ ይቀዳል ወይ? ውሃ ነው?» አለችው።

መልስ የሰጣት የለም። ከአያ ፈንቴ በቀር ነገሩ የገባው ሰው እዚያ ቤት ውስጥ የነበረ አይመስለኝም። የንስሐ አባታችን ራሳቸው ወደ እሱ ዘንበል ብለው «እርግጠኛ ነህ ልጄ?» ሲሉት ሰምቻለሁ። ሰው ትንፋሹ እስካለ ድረስ አለ። የደሴ ትንፋሽ ደግሞ ሳምንት ጠብቆ ይመጣል።

እናቴ ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም። ሊያለቅስ የመጣውን ሁሉ «በቁም ሰው ላይ አታሟርቱ» እያለች መለሰችው። ጎረቤቱም በየቤቱ አልቅሶ ወጣለት። አርባው ሲደርስ አባቴ ተዝካሩን ሌላ ሰው ቤት በድብቅ አወጣ፤ እኔን ከእሷ ጋር አስቀርቶኝ ሄደ። ያን ቀን እናቴ ጥጥ እየፈተለች የደሴን ዜማ ታንጎራጉር ነበር። «እህ»ዋ ጋ ስትደርስ ፈገግ ብላ ታየኛለች።

አባቴ ነገሩ ሲያንገፈግፈው አያ ፈንቴን «ሬድዮው ተበላሸ በላትና ገላግለን» ብሎ ለመነው። አያ ፈንቴ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ብዘጋው ገዳዩ እኔ ልሆን ነው እኮ» አለ።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ እንደ ልማዳችን ከመስኮቱ ሥር ቆመናል። ዋሽንቱ በሚመጣበት ቦታ ጥሩምባና ከበሮ ደበለቀው። ተራኪው ያው ነው፤ ታሪኩም ባለፈው ካቆመበት ቀጠለ። አንዱ ከኋላችን «ይሄስ ደመቅ ይላል» አለ። እናቴ ምናልባት ዘግይቶ ይሆናል ብላ ትረካው እስኪያልቅ ጠበቀች። በሚቀጥለውም እሑድ የመጣው ያው ጥሩምባ ነበር።

እጄን ይዛ ወደ ቤት መለሰችኝ። ግቢ እንደገባን ሹሩባዋን ፈታች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ «ደሴ ሞተብኝ!» ብላ ጮኸች። የራሷን መርዶ ለራሷ ነገረች።

የመጣ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሁለት ጎረቤቶቻችን በር ላይ ብቅ ብለው «አንድ ሰው ስንቴ ይሞታል?» ተባብለው ተመለሱ። ክፋት አይደለም፤ ለደሴ የነበራቸውን እንባ ጨርሰውታል። አባቴ ሊያጽናናት ፈልጎ «አይዞሽ፣ ተዝካሩ እንኳ ወጥቶለታል» አላት። ምነው ዝም ባለ።

ቀና ብላ አየችው። «የወንድሜን ተዝካር ከእኔ ደብቃችሁ በላችሁ? እናንተ ቀብራችሁት፣ እኔ ብቻ ሙት ሳዳምጥ ከረምኩ?»

አባቴ አቀርቅሮ ወጣ። እናቴም ከዚያ ወዲያ ከዚያ መስኮት ሥር አልቆመችም። ጥጥ ስትፈትል አፏ ዝም አለ፤ የሰርግ ዘፈን ሲሰማ በሯን ትዘጋለች። አንድ ሳቂታ ሴት ዓይኔ እያየ እንደዚያ ቀረች፤ እኛ ልጆቿም ልንመልሳት አልቻልንም።

ካደግኩ በኋላ፣ እሷ በሕይወት ሳለች፣ አንዴ እንኳ ላሰማት ብዬ ያንን ክር ፍለጋ አዲስ አበባ ወረድኩ። አንድ ሽማግሌ የሬድዮ ጣቢያው ሠራተኛ መደርደሪያውን ሲያገላብጡ ቆዩና «ልጄ፣ ያኔ ክር ውድ ነበር። በላዩ ላይ ሌላ ቀድተውበታል» አሉኝ። ያ ጥሩምባ ይሆናል። ጎንደር ስመለስ ምንም አልነገርኳት፤ ሳትሰማው ሞተች።

የልጅ ልጄ «አያቴ፣ ዛሬ እኮ የሚጠፋ ነገር የለም» ትለኛለች። ይሆናል፣ ለእነሱ። የደሴን ዋሽንት ሰምቶ ዛሬ በሕይወት ያለ ከእኔ በቀር አላውቅም። እኔም ዜማው ጠፍቶኛል፤ ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው ያቺ «እህ» ብቻ ናት። ለእናቴ ጥያቄ ያን ሰኞ መልስ የሰጣት አልነበረም። ይቀዳል፣ እማዬ። ይደፋልም።