ከላፕቶፑ ግርጌ የተፋቀው ቁልፍ

እህቴ አሠሪዎቿ የሰጧትን አሮጌ ላፕቶፕ ከዐረብ አገር ስትልክልኝ እናታችን እየሰማች ተስማምተን ነበር። እኔ መካነ ሰላም ላይ የጽሕፈት ሥራ ቤት ከፍቼ እናታችንን ማስተዳደር ከቻልኩ እሷ የሰው ቤት ማጽዳቱን ትታ ለዐረፋ ትመጣለች። ካልቻልኩ እዚያው ትቆያለች። ያ ላፕቶፕ የእህቴ መምጫ ነበር፤ እሱ ሲያስነጥሰው እኔን ያተኩሰኛል።

የሥራ ቤቴ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ናት። ጉሙ ሲወርድ በሩን ብዘጋው ጨለማ፣ ብከፍተው ብርድ ነው። ከከላላ ድረስ አቤቱታ ሊያስጽፍ የመጣ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጦ «ቶሎ በይ ልጄ፣ መንገዴ ሩቅ ነው» ይለኛል። ቶሎ እላለሁ። እሱ ይሄዳል፣ ሌላው ይተካል፣ እኔ ከወንበሬ ንቅንቅ የለም። እህቴ በሰው ቤት ታሠረች፣ እኔ ደግሞ በራሴ ቤት እያልኩ እቀልድ ነበር። ቀልዱ እኔኑ አያስቀኝም ነበር።

አንድ ማለዳ ላፕቶፑን ስከፍተው የጻፍኩት ሰነድ በሙሉ ተቆልፎ ጠበቀኝ። ወደ ከተማችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ይዤው ሮጥኩ። ሰውዬው ነገር አያቻኩልም፤ ሻዩን ጨርሶ ነው የነካው።

«ክራክ ጭነሽበታል» አለኝ። ያለ ፈቃድ የሚያሠራውን ሾልኮ መግቢያ ማለቱ ነው። «ቫይረሱ የገባብሽ በሱ ነው።»

ሰነዶቼን ተስፋ ቆረጥኩባቸው። ክራክ የሚባል ነገር ግን ሁለተኛ ላፕቶፔ ውስጥ እንዳይገባ አልኩት። እሱም ሁሉን አጥፍቶ ያንኑ አሮጌ ዊንዶውስ መልሶ ጫነልኝ፤ አዲሱን ማሽኑ አይሸከመውም። ጭኖ ሲጨርስ ስክሪኑ ቁልፍ ጠየቀ። ፈቃዱ ከማሽኑ ጋር አብሮ የተሸጠ ስለሆነ ቁልፉ፣ ያ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰልፍ፣ ከግርጌው ተለጥፎ ይገኛል አለኝና ላፕቶፑን ገለበጠው። ግርጌው እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሏል።

እቤት ገብቼ እናቴን ጠየቅኋት።

«የትኛው? ያ ወረቀት?» አለች። «እኔ ነኝ የፋቅኩት።»

«ለምን እማ?»

«የዐረቦቹ ስም ተለጥፎበት ነበር እኮ! ልባሽ ላከችላቸው እንዲሉን ነው?»

ሰፈራችን እንዲህ ነው። ከዐረብ አገር ዕቃ ሲመጣ ጎረቤት እንኳን ደስ አላችሁ ሊል ይሰበሰባል፤ እግረ መንገዱንም ዕቃውን ገልብጦ ያየዋል። ፍሪጅም ቢሆን፣ ቴሌቪዥንም ቢሆን፣ ጎረቤት ሳይደርስ ከአሮጌነቱ ይጸዳል። እናቴም በሙቅ ውኃ አርሳ፣ በቢላ ፍቃ፣ በጨርቅ ወልውላዋለች። ስሙ አንድ ወረቀት ላይ፣ ቁልፉ ሌላ ወረቀት ላይ ነበር፤ አንዱን ፍቆ አንዱን መተው ስላላማራት ሁለቱንም ፋቀቻቸው።

ልጮህባት ቃጣኝና ተውኩት። ልጇን ከሐሜት ልታድን ነው የፋቀችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእኛን ቤት ወረቀት ግን እናቴ አስለቅቃዋለች።

ጠጋኙ ነገሩን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ለዚህ አሮጌ ሲስተም አምራቾቹ አዲስ ፈቃድ መሸጥ ካቆሙ ቆይተዋል አለኝ። ቁልፍ ካልገባለት የተሰጠው ጊዜ ሲያልቅ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ሕጋዊ ቅጂ አይደለም እያለም ይነዘንዘኛል። አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች ቁልፉን የሆነ ቦታ መዝግበውት ሊሆን ይችላል። አሠሪዎቿን እንድትጠይቅልኝ ዐርብ ለእህቴ ደወልኩ።

ነገሩን ከላይ እስከ ታች አስረዳኋት።  

«መጠየቅ አልችልም» አለች።

«ምነው፣ ተጣላችሁ?»

«ከቤታቸው ከወጣሁ ቆየሁ። ሲብስብኝ ጠፋሁ።»

የመኖሪያ ፈቃዷ በእነሱ ስም ነው። የወጣች ዕለት ፈቃዱ እዚያው ቀረ፤ ፓስፖርቷንም ማዳሟ እንደቆለፈችበት ነው። አሁን በየሰዉ ቤት ተደብቃ ትሠራለች፤ ፖሊስ ያየች ቀን መንገድ ትቀይራለች።

«ለዐረፋስ?» አልኳት። 

«በምን ወረቀት?» አለችና ሳቀች። ድሮም ሲጨንቃት መሳቅ ትወዳለች። «ያ ላፕቶፕ ምን ይልሻል አልሽኝ? ሕጋዊ አይደለሁም ነው የሚለው? ወላሂ፣ እኔው ነኝ! ይሠራል፣ ግን የማንም አይደለም።» ከዚያ ሳቁን ተወችው። «ለእማ ትንፍሽ እንዳትዪ። አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል።»

አብሽሪ፣ አይዞሽ ማለት ያለብኝ እኔ ነበርኩ።  ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደንበኛ ሲመጣ ፊቴን በነጠላዬ ጠርጌ ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። እሷ ያለችበት አገር መውጫ የለውም፤ እኔም ይህን ያወቅኩበት ክፍል መውጫ የለውም። ወረኢሉ ያለች አክስታችን እንኳ ብትሰማ በማግሥቱ እናቴ ጆሮ ይገባል።

የተሰጠኝ ጊዜ አልቆ ስክሪኑ ጠቆረ፤ መጻፊያው ግን ይከፈታል። ማስጠንቀቂያው እያጠፋሁት እየመጣ፣ የሰው አቤቱታ መጻፌን ቀጠልኩ። ለካ ያለ ፈቃድም ይኬዳል። ደንበኛም አልቀረም፤ እንዲያውም በዛ።

ዐረፋ ሲቃረብ እናቴ ምሳ ይዛልኝ ወደ ሥራ ቤቴ መጣች። በር ላይ ቆማ ወረፋ የሚጠብቁትን ሰዎች አየች፤ ፊቷ በራ።

«ሠራ?» አለችኝ ወደ ላፕቶፑ እያመለከተች።

«ሠራ» አልኳት።

«እንግዲያው ደውዪላት» አለች፤ «ትምጣ።»