ከማጀቱ መስኮት ፊት ለፊት የነበረው ሙዝ

እናቴ ሙዝን ዛፍ ነው ብላ ታምን ነበር። ከጎጃም ደጋ ለመጣች ሴት ምን ይፈረድባታል? ቅጠሉ ከቤት ክዳን በላይ ይወጣል፣ ጥላ አለው፣ ዝናብ ያስጠልላል። እሷ ባደገችበት አገር ዛፍ አንዴ ከተተከለ የተከለው ሰው ሞቶም እዚያው ቆሞ ይገኛል። ስለዚህ ደርግ በወደቀ ማግስት ሚዛን ተፈሪ ላይ ትንሿ እህቴ ስትሞትባት፣ የመቃብሯ ምልክት ሙዝ እንዲሆን ፈቀደች።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። እህቴን ትኩሳት ቀደማት። ያልተጠመቀ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አያርፍምና አባቴ ጓሯችን ውስጥ ቀበራት። ድንጋይ ቢከምርበት ጎረቤት ምንድነው ብሎ ይጠይቃል፤ እናቴ ደግሞ ሰው ከንፈሩን ሲመጥላት አትወድም። «ከማጀቱ መስኮት ፊት ለፊት የሆነ ነገር ትከልልኝ፣ ወጥ ሳማስል እንዳያት» አለችው። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ አንዱ ተማሪው ከቤቱ ያመጣለትን የሙዝ ችግኝ ተከለላት።

የሚዛን አፈር ለጋስ ነው፤ ዱላ ብትሰኩበት ቅጠል ያወጣል። ጎደሬው፣ ዝንጅብሉ፣ ከአቮካዶው ጥላ ሥር ኮረሪማው፣ ሁሉም ማንም ሳይለምነው ያድግ ነበር። እናቴ ከአገሯ ያስመጣችው ጤና አዳም ብቻ በየክረምቱ እየበሰበሰ ያበሳጫታል። ለሙዙ ግን ሌላ ሰው ነበረች። አመድ ታለብሰዋለች፣ የደረቀ ቅጠሉን በእጇ ትገፍፈዋለች፣ ማንም የማይሰማት ሲመስላት ታወራዋለች። እኛ ልጆቿ ከሥሩ ከተጫወትን ወየውልን። «ውጡ ከዚያ! እህታችሁን ትረግጣላችሁ?» ትለን ነበር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።

ጎረቤታችን የቤንች ሴት ነበረች፤ ሙዝ መንከባከብ ለእናቴ ያስተማረቻት እሷ ናት። ሙዝ አንዴ ካፈራ በኋላ ግንዱ አይረባም፤ ይቆረጥና ከሥሩ ካበቀላቸው ልጆች አንዱ ይተካዋል። መጀመሪያ ጊዜ ጎረቤታችን ቆንጨራ ይዛ ስትመጣ እናቴ ግንዱን አቅፋ አላስነካም አለች። ሴትዮዋ ሳቀች። «አንቺ ይሄን ሙዝ ከባልሽ አስበልጠሽ ትወጂዋለሽ» አለቻት። ኋላ ግን ልጁ ቦታውን እንደሚይዝ ስታስረዳት እሺ አለች። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ደህና የጠነከረውን ልጅ ብቻ እየተዉ ሌላውን ይነቅሉ ነበር። የሚጠነክረው ሁልጊዜ በቁልቁለቱ በኩል፣ እጣቢያችን በሚፈስበት በቦዩ በኩል ያለው ነበር። ሴትዮዋ እዚያ ማን እንደተኛች አታውቅም፤ እናቴም አልነገረቻትም።

ዓመታት አለፉ። አባቴ ከማጀቱ መስኮት ፊት ለፊት፣ ባዶ ሆኖ ባገኘው ቦታ ላይ፣ ለልብስ ማጠቢያ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፈልን። እናቴ ሙዟን ለማየት በመስኮቱ አንገቷን ማስገግ ከጀመረች ቆይታ ነበር። ይሄን ሁላችንም እናይ ነበር። ማናችንም ልብ አላልንም።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴን ወደ አዲስ አበባ ልወስዳት ሄድኩ። ጉልበቷ ደክሟል፣ ቤቱም ተሸጧል፣ ገዢው በማግስቱ ሊገባ ነው። ዕቃ ተጭኖ ሲያልቅ እናቴ ዶማ ይዛ ጓሮ ቆማ አገኘኋት።

«አጽሟን ሳልይዝ ከዚህ አልነቃነቅም» አለች። «የቀረ አጥንት ካለም አጥንት፣ ከሌለም አፈሯን። ስሞት ከእኔ ጋር ትገባለች።»

በዚያ ርጥበት፣ ያቺን የምታህል ጨቅላ ምን ይተርፋታል ብዬ ልሟገት ፈልጌ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ግን ዶማውን ተቀብዬ ቆፈርኩ። ሥር ብቻ ነው የወጣው፤ ነጭ፣ ውሃ ያዘለ የሙዝ ሥር። በግራ ቆፈርኩ፣ በቀኝ ቆፈርኩ። እናቴ አፈሩን በጣቷ ታበጥራለች። የተገነዘችበት ነጠላ ቁራጭ፣ አንዲት ቅንጣት አጥንት፣ አንዳች ነገር አልነበረም። እኔ ሥሩ የበላት መስሎኝ በሆዴ አባቴን ተቆጣሁ፤ ሌላ ተክል አጥቶ ነው?

ጎረቤታችን ልትሰናበተን መጣች። ጉድጓዱን አይታ ደነገጠች። «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?»

እናቴ ያን ሁሉ ዘመን የዋጠችውን ያኔ አወጣችው። «ልጄን ነው የምፈልገው። ሙዙ የተተከለው እላይዋ ላይ ነበር።»

ሴትዮዋ እጇን ራሷ ላይ ጭና ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። «የኔ እናት፣ ሙዝ ይሄዳል እኮ» አለች። «እናቱ ትቆረጣለች፣ ልጁ ራቅ ብሎ ይቆማል። የሱ ልጅ ደግሞ ራቅ ይላል። በእጣቢው በኩል ያለውን ተይ፣ ሌላውን ንቀይ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ምነው በነገርሽኝ? እኛ እኮ ለድንበርም ለመቃብርም የሚቆም ሌላ ተክል አለን።»

እናቴ ዞራ የማጀቱን መስኮት አየች። ከመስኮቱ ቀጥ ብላ በዓይኗ ወረደች። ፊት ለፊቱ ያለው የማጠቢያው ድንጋይ ነበር።

የአልጋ ልብሳችንን፣ የአባቴን ሸሚዞች፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርማችንን ያጠበችው እዚያ ላይ ቆማ ነው። የአባቴ የሐዘን ዕቃ የታጠበውም፣ እጣቢው በቁም የተደፋውም እዚያ ነው።

ድንጋዩን ልፈነቅል ዶማውን አነሣሁ። እጄን ያዘችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ጠበቅ አድርጋ ይዛኝ አታውቅም።

«ተይ» አለች። «ስረግጣት ኖሬ ደግሞ በዶማ ልምጣባት?»

ከዚያ አለቀሰች። ለእህቴ ለቅሶ ተቀምጣ አታውቅም ነበር፤ ላልተጠመቀ ሕፃን ድንኳን አይጣልም። ጎረቤታችን አብራት አለቀሰች፣ በራሷ ቋንቋ የማላውቀውን እያለች። እኔ መኪናው እየጠበቀን መሆኑን ለመናገር አፈርኩ። እናቴ በመጨረሻ ጫማዋን አውልቃ ድንጋዩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ሳመችውና ባዶ እጇን ወጣች።

አሁን እኔ ጋ ናት፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ሠራተኛ እያለ ዕቃ ካላጠብኩ ትላለች። እጣቢውን ግን በቁሟ አትደፋም። ጉልበቷ እያመማት መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ በርከክ ትልና ቀስ አድርጋ፣ ድምፅ እንዳያሰማ አድርጋ ታፈስሰዋለች።