ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ሜትር

የስፌት ቤቱ ሰው ሁሉ የሚያውቃት መቀስ በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ስሙ የወጣላት ለእጇም ለምላሷም ነው። ሠላሳ እጥፍ ካኪ ጠረጴዛ ላይ አንጥፋ፣ በጠመኔ አስምራ፣ አንድ ጣት እንኳ ሳታዛንፍ ትቆርጣለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የነርሶቹን ጋውን፣ የዘበኞቹን ኮት፣ የተማሪዎቹን የደንብ ልብስ የቆረጠችው እሷ ናት። ይህችን ሴት ነው እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አርባ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ መሃል፣ "እከክ ይዟታል" ያሏት።

ነገሩ የጀመረው ከስምንት ወር በፊት ነበር። መጀመሪያ ክንዷን፣ ቀጥሎ ጭኗን፣ በመጨረሻ ደግሞ የገዛ እጇ የማይደርስበትን ስፍራ፣ ትከሻና ትከሻዋ መሃል ያለውን አሳከካት። ሽፍታ የለ፣ ቁስል የለ፣ እብጠት የለ። ቆዳዋ ደርቆ አመድ ከመምሰሉ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ግን ይበላል። ስትቀመጥ ይበላል፣ ስትቆም ይበላል፣ አውቶቡስ ውስጥ ሁለት እጇ በዕቃ ሲያዝማ እልህ የተጋባ ይመስል ይብስበታል። አርባ ዘጠኝ ዓመት በሰላም አብሯት የኖረ ቆዳ ምን በድላው እንደተነሳባት አልገባትም።

ክንዷን በጥፍሯ ትደርስበታለች። ለጀርባዋ መላ ያገኘችው ከሥራዋ ላይ ነው። የቆራጭ ሜትር ረጅም የእንጨት ማስመሪያ ነው፤ ጫፉ ቶሎ እንዳያልቅ ናስ ለብሷል። እሱን በኮቷ አንገት በኩል ወደ ታች ትሰድና ሽቅብ ቁልቁል ታደርገዋለች። ያኔ ዓይኗ በራሱ ጊዜ ይከደናል። "እፎይ! ይህን የሠራ አናጢ እጁ ይባረክ" ትላለች ጮክ ብላ። ተደብቆ ማከክ በሐሳቧም አልመጣም። የሚበላን ቦታ ማከክ ወንጀል መሆኑን ማን ነግሯት?

የነገረቻት ሬዲዮ ናት። ሬዲዮ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ያለችው ባለ ማሽን ናት፤ ከመቀስ ጋር በአንድ ሳምንት ተቀጥረው፣ አብረው ወልደው፣ አብረው ያሳደጉ ጓደኛሞች ናቸው። ጠዋት ከተከፈተች የሥራ መውጫ ደወል እስኪደወል የሚዘጋት የለም። ያን ማክሰኞ ማሽኗን አቁማ ዞረች።

"ስሚ እንጂ፣ ያንን ሜትር እኛም እንነካዋለን እኮ" አለች።

"ንኪው። ማን ከለከለሽ?"

"እከክሽን ልታስይዢን ነው?"

ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። መቀስ ሜትሩ አንገቷ ውስጥ እንደገባ ቀረች። ይባስ ብሎ ከመተኮሻው በኩል አንዷ "እውነት ነው፣ እኔም ካለፈው ወር ጀምሮ እግሬን እየበላኝ ነው" አለች። አጠገቧ ያለችው ተኳሽ ደግሞ "እኔንም ጎኔን" ብላ ጨመረችበት።

"ይኸው!" አለች ሬዲዮ። "ከማን ያዛቸው ታዲያ? ቀድማ ያከከችው ማን ናት?"

ሁሉም መቀስን አዩ። ፍርዱ ያለቀው እዚያው ነው።

ኃላፊው ልጇ ለመሆን ትንሽ የቀረው ጎረምሳ ነው። ወደ ቢሮው ጠርቷት፣ የበሩን እጀታ በመሃረብ ይዞ ዘጋው። መቀስ መሃረቡን አየችው። እሱም ማየቷን አየ፤ ግን መሃረቡን አልጣለም።

"እትዬ መቀስ፣ አይክፋዎት። ለጊዜው ቁልፍ ክፍል ገብተው ቁልፍ ይትከሉ። እንደማይተላለፍ የሐኪም ወረቀት ሲያመጡ ጠረጴዛዎ የእርስዎ ነው። ወር ሞልቶ ካልመጣ ግን ሌላ ቆራጭ መመደቤ ነው።"

"እከክ ነው ያለችው እሷ፣ ወረቀት አምጪ የምባለው እኔ?"

"ለሠራተኛው ጤና ነው፣ እናቴ።"

"እኔስ ሠራተኛ አይደለሁ?"

እሱ ወረቀቶቹን ማስተካከል ያዘ። ስትወጣ ሬዲዮ ከቁርጥራጭ ክምር ውስጥ ቀይ ጨርቅ መዝዛ፣ ሜትሩ አናት ላይ ሦስት ጊዜ ቋጥራ ስታስር አገኘቻት። "ይኼ የሷ ነው። ማንም እንዳይነካው" አለች ሬዲዮ ለአዳራሹ። ከዚያም ቁልፍ ክፍሉ በር ውጭ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ለጠረጴዛው አዲስ ሜትር መጣ።

ቁልፍ ክፍል የሚባለው መስኮት የሌለው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆም የሚጣበብበት ጓዳ ነው። መቀስ እዚያ ተቀምጣ ባለ አራት ቀዳዳ ቁልፍ እየተከለች በግድግዳው በኩል የአዲሱን ሜትር ድምፅ ትሰማለች። ጠረጴዛዋ ላይ ያለ ሰው ጨርቁን በተሳሳተ በኩል ሲዘረጋው ከድምፁ ታውቃለች። በምሳ ሰዓት ሲጠሯት የነበሩት ሴቶች አሁን ሲያልፉ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። ቁልፉን ተክላ ጨርሳ የሰጠቻትን አንድ ጋውን ተቀባይዋ በሁለት ጣቷ ጫፍ አንጠልጥላ ወሰደችው።

እንዲህ የተደረገ ሰው ምን ያደርጋል? ይታጠባል። መቀስም ታጠበች። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ፣ ውሃውን አንተክትካ፣ በልብስ ሳሙና፣ ሸካራ ጨርቅ ይዛ ፈገፈገች። ከገላዋ እንፋሎት እየወጣ ከመታጠቢያው ብቅ ስትል ባሏ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ደንግጦ ያያታል።

"ሴትዮ፣ ድንች መሰልሽ እንዴ? ልጠሽ ልትጨርሺው ነው?"

"ንጹሕ መሆኔን ይዩ!"

"ማን ነው የሚያይሽ? ቁልፉ?"

ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። አፍራለች። ከማፈሯ ይልቅ ደግሞ ምንም ሳታደርግ ማፈሯ ያበግናታል። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ አልጋው ጫፍ ላይ ነበር የምትተኛው። ባሏ ትከሻዋን ይዞ ወደ መሃል ሳባት።

"እኔ የሚገርመኝ" አለ፣ "ሃያ ምናምን ዓመት አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ የምተኛውን እኔን ያልያዘ በሽታ እንዴት አድርጎ አዳራሹን አቋርጦ ተኳሾቹን ያዘ?"

"ይህን ለኔ ሳይሆን ለነሱ ንገራቸው!" አለች። ነገሩ ግን ልቧ ውስጥ ቀረ።

በማግስቱ ሰፈሯ ያለው ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አላነሳም።

"ጭንቀት አለብዎት?"

"አሁን አዎ።"

"እንቅልፍ የሚያመጣ እጽፍልዎታለሁ።"

"ጀርባዬን አላዩትም እኮ፣ ዶክተር።"

"አያስፈልግም። በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ላይ የተለመደ ነው።"

"ምኑ?"

"መጨነቅ።"

"እሺ፣ እንደማይተላለፍ ወረቀት ይጻፉልኝ።"

ያን ጊዜ ቀና አለ። "ያላየሁትን ቆዳ አይተላለፍም ብዬ እንዴት እፈርማለሁ?" አላት፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። መቀስ የእንቅልፍ ማዘዣውን አራት ቦታ፣ እንደ ልማዷ አስተካክላ ቀድዳ፣ ጠረጴዛው ላይ ትታለት ወጣች።

ለቆዳ ሐኪም ወረፋ ያዘች፤ ወረፋው ሁለት ሳምንት ነው። በዚያ መሃል አንድ ነገር አስተዋለች። ሜትሩ ሚስማሩ ላይ ያለው አሰቃቀል ይቀያየራል። እሷ ሁልጊዜ ናሱን ወደ ታች አድርጋ ትሰቅለዋለች። ከምሳ ስትመለስ ናሱ ወደ ላይ ዞሮ ታገኘዋለች። አንድ ቀን ደግሞ ጨርሶ ጠፍቶ ቆይቶ ተመለሰ። "አሁንስ መሳቂያም አደረጉኝ" አለች ለራሷ። ጥርሷን ነክሳ ቁልፏን ተከለች።

የቆዳ ሐኪሟ ጠጉሯ የሸበተ ሴት ናት። እጇን ታጥባ፣ መብራት አብርታ፣ የመቀስን ጀርባ በባዶ እጇ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው። ከባሏ በቀር ሰው ሳይነካት ሳምንታት አልፈው ስለነበር መቀስ እንባዋን መያዝ አቃታት። ሐኪሟ ለጉበቱም ለኩላሊቱም ለእንቅርቱም ደም አስመረመረች፤ ውጤቱ ሁሉ ደህና ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ወሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

"የወር አበባዎ እንዴት ነው?" አለቻት።

"ይመጣል፣ ይጠፋል። ዘንድሮስ እንግዳ ሆኗል።"

"እሱ ነው። ሊቋረጥ ሲል ሆርሞኑ ይቀንሳል፤ ቆዳም ወዙን ያጣና ይደርቃል፣ ያሳክካል። በብዙ ሴት ላይ ይደርሳል። ገላዎን እንዴት ነው የሚታጠቡት?"

"በቀን ሁለቴ። በፈላ ውሃ፣ በልብስ ሳሙና።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እህቴ፣ የቀረውን ትንሽ ወዝም በሳሙና አጥበው ጨረሱት እኮ! ለብ ያለ ውሃ፣ ቶሎ ገብቶ መውጣት፣ ሽታ የሌለው ሳሙና። ገላዎ ሳይደርቅ ወፍራም ቅባት ይቀቡ። ከውስጥ ጥጥ ይልበሱ። በአንድ ቀን አይለቅም፤ ግን ይቀልልዎታል።"

"ይተላለፋል?"

"ዕድሜ ይተላለፋል እንዴ?"

"ታዲያ ተኳሾቹንስ? እነሱንም ያሳክካቸዋል፤ ከኔ ያዘን ይላሉ።"

"ስንት ዓመታቸው ነው?"

መቀስ በጣቷ ትቆጥር ጀመር። ሁሉም የተቀጠሩት ስፌት ቤቱ የተከፈተ ሳምንት ነው። ሁሉም ያኔ የሃያ ሁለት የሃያ ሦስት ዓመት ኮረዶች ነበሩ። ሐኪሟ ፊቷን አይታ ሳቀች። መቀስ ግን አልሳቀችም። ወረቀቷን አጽፋ፣ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወጣች።

ኃላፊው ወረቀቱን አነበበ። የወር አበባ የሚለው ላይ ሲደርስ ጆሮው ቀላ፤ እጥፍጥፍ አድርጎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

"በቃ፣ ጥሩ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ጠረጴዛዎ ይመለሱ። ነገር ሳናበዛ፣ ድምፅ ሳናሰማ..."

"ስትከሱኝ ድምፅ አሰምታችኋል" አለች። "እከክ የተባልኩት በአርባ ሰው ፊት ነው። ነጻ የምወጣው መሳቢያ ውስጥ ነው?"

መሳቢያውን ራሷ ስባ ወረቀቷን አወጣች። የምሳ ሰዓት ነበር፤ ሴቶቹ በየማሽናቸው ሥር ምሳቸውን ከፍተዋል። ሜትሩን ይዛ በፊታቸው ልትቆም ወደ ሚስማሩ ሄደች። ሜትሩ የለም። ዞር ብላ አየች፤ የሬዲዮም ወንበር ባዶ ነው።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል አዳራሹ ጫፍ ላይ ነው። መቀስ በሩን እስከ ግድግዳው ድረስ በረገደችው። ሬዲዮ ፊቷን ወደ ኮት መስቀያው አድርጋ ቆማለች። ቀዩ ጨርቅ ከአንገቷ በላይ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ዓይኗ ተከድኗል።

ከኋላ የማንኪያ ድምፅ ጠፋ። ሬዲዮ ዓይኗን ገለጠች።

"ዝጊው" አለች በሹክሹክታ። "በናትሽ በሩን ዝጊው።"

"አልዘጋም። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ዝጊውና እነግርሻለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ሬዲዮ ሜትሩን ከአንገቷ መዘዘችው። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። "ካንቺ በፊት" አለች። "ዓመት አልፎኛል። ቤቴ በር ቆልፌ ነበር የማክከው። አንቺ ስትጀምሪ... እኔ ያስያዝኩሽ መሰለኝ። የኔ መሆኑ ከመታወቁ በፊት ባንቺ ላላክክ ብዬ ነው።"

መቀስ ወር ሙሉ ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ ምላሷ ላይ ተደርድሯል፤ ግን የቱንም አላነሳችም። ወረቀቱን ዘርግታ ለሬዲዮ ያዘችላት።

"አንብቢው። ጮክ ብለሽ። ስትሰድቢኝ በነበረው ድምፅሽ።"

ሬዲዮ አነበበች። ድምፅዋ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ነበር፤ አይተላለፍም የሚለው ላይ ስትደርስ እንደ ድሮው ከፍ አለ። ተኳሾቹ ማንኪያቸውን እንደያዙ ተያዩ። አንዷ እጇን ወደ ጎኗ ሰዳ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ደህና አድርጋ አከከች።

"አሁን ያሰርሽውን ፍቺ" አለች መቀስ።

ሦስቱ ቋጠሮ ጠንክሯል። ሬዲዮ በጥፍሯ ሞከረች፣ በጥርሷ ሞከረች። ከመቀስ ኪስ የመቀሱ እጀታ ብቅ ብሎ ይታያል፤ መቀስ ግን አላወጣችውም። ፈርጠም ብላ ቆማ ጠበቀቻት። የመጨረሻው ቋጠሮ እስኪላላ ግማሹ የምሳ ሰዓት አለቀ። ሬዲዮ ቀዩን ጨርቅ ጨብጣ ሜትሩን በሁለት እጇ አቀበለቻት።

መቀስ ናሱን በኮቷ ጠርጋ አየችው።

"አልታረቅኩሽም፤ እወቂው" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ዙሪ።"

ሬዲዮ ዞረች። መቀስ ሜትሩን በሬዲዮ አንገት በኩል ሰደደችው።

"ትንሽ ወደ ቀኝ..." አለች ሬዲዮ።

"ዝም በይ። የት እንደሆነ አውቀዋለሁ።"