ፀጉሬ እስኪያድግ

የቶንዶስ ዘይት፣ አልኮልና ታልክ አንድ ላይ ሲሸቱኝ እስከ ዛሬ ማጅራቴን ይቀዘቅዘኛል። ባለፈው እሁድ ልጄን ይዤ እዚህ ኮምቦልቻ ከሰፈራችን ፀጉር ቤት ስገባ፣ ጎረቤቴ፣ አብረሽኝ ነበርሽ። ወጣቱ ቆራጭ ማሽኑን ሲያስነሳ እጄ ሳላዘው ወደ ሻሼ ሄደ፤ አንቺም አይተሽ “ምን ሆንሽ?” አልሽኝ። “ምንም” ብዬሽ አለፍኩ። ምንም ሳልሆን ቀርቼ ግን አይደለም፤ ወሬው ረጅም ስለሆነ ነው።

አባቴ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ውስጥ የወንዶች ፀጉር ቤት ነበረው። ቤቱ ከአንድ ወንበርና ከአንድ ትልቅ መስታወት ሌላ የሚይዝበት ቦታ አልነበረውም። ተራ የሚጠብቁት ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ተደርድረው ስለ ዝናብና ስለ እህል ያወራሉ። አባቴም ከውስጥ ሆኖ ይመልስላቸዋል፤ መቀሱ ግን አንድም ጊዜ አይቆምም። እጁ ፈጣን ነበር። የሴት ፀጉር ብቻ በሕይወቱ ነክቶ አያውቅም። በኛ ቤት እሱ የእናቴ ግዛት ነበር።

ፀጉሬ ያኔ ወገቤ ድረስ ይወርዳል። እናቴ ጁምዓ ጁምዓ ጠዋት ታጥበኛለች፣ ቅባት ትቀባኛለች፣ ሁለት ቦታ ጎንጉና ትለቀኛለች። “ይሄ ፀጉር የኔ ነው፤ አንቺ ተሸካሚው ነሽ” ትለኝ ነበር፤ ስትቀልድ አይመስለኝም። መንገድ ላይ ከሻሽ በታች ስለሆነ ማንም አያየውም። ሴቶች ብቻ በተሰበሰቡበት፣ አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ ወይም ሰርግ ቤት፣ ሻሼን ሳወልቅ ግን ክፍሉ በሙሉ “ማሻአላህ” ይላል። እሷን “ማሻአላህ” በደንብ ለመስማት ስል ከሁሉም በኋላ ነበር የማወልቀው። ተንኮለኛ ነበርኩ።

አሥራ ሦስት ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ልታገባ አምስት ወር ገደማ ቀርቷት ነበር። በእናቴ ቤተሰብ ወግ ሙሽራዋ ሂና በምትቀባበት ቀን የቤቱ ልጃገረዶች አንድ ዓይነት ሹሩባ ተሠርተው ዙሪያዋን ይቀመጣሉ። አክስቴ “በቀኜ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ” ብላኝ ነበር። ክፍላችን ውስጥ ይህን ያልነገርኩት ልጅ የለም።

ከዚያ አያቴ ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ፤ እናቴም ልታስታምማቸው ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ቀረን። በአምስተኛው ቀን ራሴን ማከክ ጀመርኩ። በሰባተኛው ቀን ምሳ ስንበላ አባቴ አየኝ፤ ወደ መስኮቱ ወስዶ ፀጉሬን ገለጥ አደረገና እጁን ቶሎ ሰበሰበ። ቅማል ነበር። ከጓደኛዬ ጋር ሻሽ ስንለዋወጥ የመጣ ይመስለኛል። ለማንም ልጅ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ አባቴ ግን ሰው የገደለ ያህል ደነገጠ። “የቆራጭ ልጅ ቅማል አለባት ከተባለ ማን ጭንቅላቱን ይሰጠኛል?” አለ፣ ለኔ ሳይሆን ለግድግዳው። ለእናቴ ደውሎ መጠየቅ ይችል ነበር። አፈረና ሳይደውል ቀረ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ከአስር ሶላት በኋላ ወደ ሱቁ ወሰደኝ። የቆርቆሮውን በር ገርበብ አድርጎ ዘጋው፤ በቀረው ስንጥቅ የገባው ፀሐይ መስታወቱ ላይ አረፈ። “ጫፍ ጫፉን ብቻ” አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ሲጀምር ያሰበው ጫፉን ነበር። ማበጠሪያው ግን አልገባለት አለ። ትንሽ ሞከረ፣ ሳበ፣ እኔም ጮህኩ። ከዚያ ሃያ ዓመት ሙሉ ቅማል ላለበት ወንድ ልጅ ሁሉ ሲያደርግ የኖረውን አደረገ። ቶንዶሱን አነሳ። ቁጥር ሁለት፣ ከራስ ቆዳ ብዙም የማያስተርፈውን።

ጭኔ ላይ የወደቀው ፀጉር ክብደቱ ነው ያስገረመኝ። አላለቀስኩም፤ የተላጨሁት እኔ መሆኔ ገና አልገባኝም ነበር። አባቴ አልኮል ነፋብኝ፣ ማጅራቴን በታልክ ጠረገልኝ፣ በለመደ እጁም ትንሿን መስታወት ከኋላዬ ይዞ “እንዴት ነው?” አለኝ። ለደንበኛ የሚለው ነው። ወዲያው የተናገረው ለራሱም ተሰማው መሰለኝ፣ መስታወቱን ወደ ደረቱ ገለበጠው። ሻሼን አስሬ ተከትዬው ወደ ቤት ተመለስን።

እናቴ ስትመጣ ሻሼን ገፍፋ አየችና በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ትጮኻለች ብለን ስንጠብቅ ተነስታ ምድጃውን አነደደች። ማታ፣ ራት ካቀረበች በኋላ “ልጄን ወንድ አድርገህ ጠበቅከኝ” አለችው።

“የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ያድጋል” አላት አባቴ፣ ቀና ሳይል።

“ውሃ አይደለም የፈሰሰው።”

እኔም ያን ጊዜ ነው የማልኩት። “ወላሂ፣ ሁለተኛ ጭንቅላቴን አይነካም። ሂናውም ይቀራል፣ አልሄድም።” እናቴ በወላሂ ስለማልኩ ተቆጣችኝ፤ መሐላ የሚያፈርስ ሰው ሦስት ቀን እንደሚጾም አስታወሰችኝ። አላፈርሰውም አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳስታውስ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሙቀቱ ነው። ቤት ውስጥም ሻሽ አላወልቅም፤ ስተኛም አስሬው ነው። ፀጉሬን በእርሳስ እለካለሁ፤ ሰኞ ለክቼ ማክሰኞ እደግመዋለሁ። ጓደኛዬ ቀይ ሽንኩርት ቀጥቅጠሽ ጭማቂውን ቀቢው፣ በአንድ ወር ትከሻሽ ይደርሳል አለችኝ። አመንኳት። ክፍል ውስጥ ሙቀት ሲሆን መምህራችን መስኮት ክፈቱ ይሉ ነበር፤ ሽንኩርቱን ማን እንዳመጣው ግን አልደረሱበትም። አባቴ ማዕድ ላይ ከጎኔ ሲቀመጥ ዓይኑ ያለቅሳል። አንድ ቀንም “ምን ሸተተ?” አላለኝም።

ፀጉሬ ማደጉ አልቀረም፤ ግን እንደፈለገው ነበር የሚያድገው። ከማጅራቴ በኩል ቀድሞ ወርዶ ከሻሼ ሥር ይወጣል፤ አናቴ ላይ ያለው ቀጥ ብሎ ይቆማል። አባቴ ይህን በሻሽ ላይ እንኳ ያውቀው ነበር፤ የራስ ቅርጽ አይሰወረውም። አንድ ቀን ለእናቴ እንደሚናገር አድርጎ “ከኋላ ትንሽ ቢነሳለት የላዩ ይደርስበት ነበር” አለ። ለማሳደግ መቁረጥ የሚባል ነገር መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው። እንደ ማታለል ቆጠርኩትና ተነስቼ ወጣሁ። “አባዬ” ብዬ ከጠራሁት ወር አልፎኝ ነበር። እሱም አውቆታል።

በዚሁ መሐል የጎረቤታችን ሴትዮ መጡና “ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም” ብለው ለእናቴ ወሬ አቀበሏት። ባልሽ ገበያ በቆመ ቁጥር ሱቁን ለረዳት ትቶ፣ ጃንጥላ ዘርግተው ሹሩባ ከሚሠሩት ሴትዮ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይውላል አሏት። ወንድ እዚያ አይቀመጥም። እናቴ አባቴ እስኪገባ ቤቱን ሦስት ጊዜ ጠረገችው።

“ሰኞ ሰኞ የት ነው የምትውለው?”

“ለሙያ ጉዳይ ነው” አላት።

“የምን ሙያ?”

“የኔው ሙያ።” እናቴ ሰውየውን ታውቀዋለች፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ጆሮው አልቀላም። ነገሩን በሆዷ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔ ግን ቤታችን ሊፈርስ ነው ብዬ ስፈራ ሰነበትኩ።

አንድ ጁምዓ ጠዋት እናቴ መስገጃዎቹን ግቢ አውጥቼ እንዳራግፍ አዘዘችኝ። የእሷን አራገፍኩ፣ የኔን አራገፍኩ። የአባቴን ስዘረጋ ጫፉ ላይ ያለው ዘርፍ እጄ ላይ ሻከረኝ። ወደ ፀሐዩ አዙሬ አየሁት። ከዳር እስከ ዳር ሹሩባ ተሠርቷል። በግራ በኩል ያለው የተወላገደና የተቋጠረ ነው፤ ወደ መሐል ሲመጣ እየቀጠነ፣ ወደ ቀኝ ሲደርስ ጉንጉኑ የእውነት ሹሩባ መስሏል። እያንዳንዱ ዘርፍ የጣቴን ግማሽ አይሆንም። ያን ጊዜ የኔ ፀጉርም ያንን ያህል ነበር።

መስገጃውን ይዤ ግቢው መሐል ቆምኩ። እናቴ ምን እንደዘገየሁ ልታይ መጣችና ዘርፉን አየችው፤ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፍና ዓይኗን ጠረገች። “የሙያ ጉዳይ ነው አለኝ እኮ” አለች።

አባቴ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ በርጩማ አውጥቼ፣ መስኮቱ ሥር አድርጌ ጠበቅኩት። ሻሼን አወለቅኩ። በሁለት ወር ከምናምን ፀጉሬን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

“አባዬ፣ ሥራኝ” አልኩት።

“መሐላሽስ?” አለች እናቴ ከበሩ።

“እጾማለሁ።”

አባቴ ሁለት ጊዜ እጁን ታጠበ። “ከኋላ ትንሽ ልንሳው?” ብሎ ጠየቀኝና እሺ እስክል መቀሱን አላነሳም። ከዚያ ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ። ሰው ሲላጭ ወሬ የማያቋርጠው አባቴ ትንፋሹ እንኳ አይሰማም ነበር። ይሠራል፣ ያፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። በየመሐሉ “አመመሽ?” ይለኛል። አሞኝ ነበር፤ ዓይኔ እስኪጠብ ነበር ያጠበቀው። አላመመኝም አልኩት። ለእናቴ አጉረመረመ፣ “የገበያዋ ሹሩባ ሠሪ ‘አብሽር፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል’ ይሉኛል፤ አንቱ እጅዎ ስለለመደ ነው እላቸዋለሁ።” ሲጨርስ መስታወት ይዞ ከኋላዬ ቆመ፤ አሁን ግን እንዴት ነው ለማለት አልደፈረም። መስመሩ እንደ ፍየል መንገድ ይጠማዘዛል።

“አማረብኝ” አልኩት። ከልቤ ነበር።

ሦስቱን ቀን ጾምኩ። እሱም አብሮኝ ጾመ፤ መሐላውን ያስማልኩሽ እኔ ነኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ጁምዓ ከሶላት መልስ የሹሩባ ቀን ሆነ። ሽንኩርቱን ተውኩት።

የሂናው ቀን ኮምቦልቻ ወረድን። የሴቶቹ ክፍል ሞቆ፣ የሂናው ሽታ ከሽቶ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ልጃገረዶቹ ረጃጅም ሹሩባ ተሠርተው ተደርድረዋል። እንደ ድሮው ከሁሉም በኋላ ሻሼን አወለቅኩ፤ አሁን ግን ተንኮል አልነበረም፣ ፈርቼ ነው። “ማሻአላህ” የሚል አልተገኘም። ልትሠራን የመጣችው ሴት ጭንቅላቴን ይዛ አዟዟረችና “ይሄንን ማን ሠራሽ? ልፍታውና በደንብ ላስይዘው” አለች።

“አባቴ ነው” አልኩ።

አንዲት ባልቴት “ወላሂ የኔስ ባል ሻሼ ቢወድቅ አያነሳልኝም” አሉና ሁሉም ሳቁ። አክስቴ አልሳቀችም። በሂና የተነከረ እጇን ወደ ላይ እንደያዘች “ማንም አይፍታት” አለች። ከቀኟ ተቀመጥኩ። ቆይታ እናቴ ነገረችኝ፣ አባቴ ወንዶቹ ካሉበት ድንኳን ሦስት ጊዜ እያስጠራት የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ “አልተፈታም?”

ፀጉሬ ትከሻዬን ያለፈው በሚቀጥለው ዓመት ነው። የክፍሌ ልጆች ፒያሳ አዲስ የተከፈተ የሴቶች ፀጉር ቤት ይሄዱ ነበር፤ አንድ ጁምዓ ጠዋት እኔም ሄድኩ። ተሠርቼ ቤት ስገባ አባቴ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ እጁን ታጥቦ፣ መስኮቱ ሥር ቆሟል። ሻሼን አውልቄ አሳየሁት። በግራም በቀኝም አየልኝ፤ የሙያ ሰው አስተያየት ነበር። “ማሻአላህ፣ መስመሩ ቀጥ ብሏል። የኔ እንዲህ ቀጥ ብሎልኝ አያውቅም” አለ። በርጩማውን አንስቶ ወደ ጓዳ አስገባው። ደስ ያለው ስለመሰለኝ ምሳዬን በላሁ። ከዚያ ወዲያ ሳልጠይቀው፣ እሱም ሳያነሳብኝ ሃያ ዓመት ሞላን።

አሁን ሱቁን ዘግቶ ቤት ውሏል። ትናንት ጁምዓ አልነበር? ከባለፈው እሁድ ጀምሮ ሲከነክነኝ ሰንብቶ ልጄን ለባለቤቴ ትቼ ወደ ደሴ ወጣሁ። አባቴ ከሶላት ሲገባ ምንጣፉ ላይ፣ ከወንበሩ ፊት ተቀምጬ ሻሼን አወለቅኩ። ምን እንደፈለግሁ ገባው። መነጽሩን ፈልጎ አደረገ፤ ፀጉሬን በሁለት እጁ አንስቶ ርዝመቱን አየ።

“ረጅም ሠርቼ አላውቅም” አለኝ። “ይመሽብናል፣ ልጄ።”

“ይምሽ” አልኩት።