የቫዮሊኑ ጆሮ

የቫዮሊኔ ክር የተበጠሰው ራሱ ደካማ ሆኖ ነው ወይስ እኔ ድምፁን ስላልሰማሁ?

ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ቫዮሊን ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ። ያስተማሩኝ ሽማግሌ ድሮ ባንድ ውስጥ ይጫወቱ የነበሩ ናቸው። ክሩ የሚጠመጠምበትን እንጨት «ጆሮ» ይሉታል። «እንደ ሰነፍ ተማሪ ጆሮውን ጠምዝዢው፤ ግን ቀስ ብለሽ፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር። ደግሞም «አንዱን ክር ሳታስገቢ ሌላውን እንዳታወጪ» ይላሉ፤ አራቱም አንዴ ከወለቁ ከሥር ደግፎ የያዛቸው እንጨት ይወድቃል።

የጅማ ክረምት ለብረት አይራራም፤ ክሮቹ ዝገው ነበር። አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው አዲስ አመጣልኝ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ እንደተነገረኝ አንዱን እያወጣሁ ሌላውን እያስገባሁ ሦስቱን ቃኘሁ። ታናሽ እህቴ በግራዬ ተቀምጣ ጎመን ትከትፋለች። የመጨረሻውን፣ ቀጭኑን ክር፣ በጣቴ መታሁት። ድምፁ ከአጥር ማዶ የሚመጣ መሰለኝ። ገና ነው ብዬ ጠመዘዝኩ። አሁንም ጠመዘዝኩ።

ክሩ ተበጥሶ ጉንጬን ገረፈኝ።

«በቃ፣ በቃ እያልኩሽ!» አለች እህቴ። «ጆሮውን ልትነቅዪው ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች።

እኔ አንዱንም «በቃ» አልሰማሁም።

ሰርቦ ከተማ የምትኖረው እናታችን ጆሮዋ የደከመው በዚሁ በእኔ ዕድሜ ነው። መጀመሪያ ይጮሁላት ነበር፤ ኋላ ሰለቻቸው። እንግዳ ሊያናግራት ሲል ከቤቱ አንዱ «ተዋት፣ አትሰማም» ይላል፣ እዚያው እሷ ፊት። እሷም ፈገግ ትላለች። ወደ ፊደሉ የገባሁት ዘግይቼ ነው፤ ከሰው ወሬ ደግሞ ቀድሜ ልወጣ ነው? ይህን እያሰብኩ መተኛት አቃተኝ።

ሌላ ቀጭን ክር አስመጣሁ። ከነወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። እህቴ «መቼ ነው የምትጫወቺልን?» ስትል «ሥራ በዛብኝ» እላታለሁ። ቆይታ መጠየቁን ተወችው።

ዝናቡ ባባራበት አንድ ጠዋት፣ ቁርስ ላይ፣ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጋ አስቀመጠች።

«ማል ታቴ? ምን ሆነሻል፣ እትዬ? ምን አድርጌሽ ነው የምታኮርፊኝ? ስንቴ ልጥራሽ?»

ተነሥቼ ቫዮሊኑንና ክሩን አምጥቼ ፊቷ አኖርኩ።

«አንቺ ጠምዝዢው» አልኳት። «እኔ አልሰማውም። የግራ ጆሮዬ እንደ እማማ ሆኗል።»

ወንበሯን ከግራዬ አንሥታ ዞረችና በቀኜ ተቀመጠች።

«እኔ እኮ ጠላሽኝ ብዬ ነበር» አለች። የክሩን ወረቀት ቀደደች። «በይ አሳዪኝ፣ ይኼ ጆሮ ወዴት ነው የሚጠመዘዘው?»