ቅሉን የሚሰብር ሽጉጥ

ላቀው ምላጩን ሳበ። ማካሮቩ ጮኸ። አጥሩ ላይ የተንጠለጠለው ቅል ትንሽ ተወዛወዘና ቆመ።

"ሳትሁት?" አለ ላቀው።

ቸኮለ ሄዶ ቅሉን አገላብጦ አየው። ሽጉጡ የእሱ ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ በቆሎና በርበሬ የሚያርስ፣ አባቱ ከአዊ የመጡ፣ በአገውኛም በአማርኛም ተከራክሮ የማይሸነፍ ጎልማሳ ነው።

"መትተውታል፣ ጋሼ ላቀው። በዚህ ገብቶ በዚያ ወጥቷል። ይኸው ጣቴ ያልፋል።"

"ታዲያ ለምን አልተሰበረም?"

"እሱንማ ቅሉን ይጠይቁት።"

ላቀው አልሳቀም። እንደገና ተኮሰ፤ ቅሉ ሌላ ቀዳዳ አገኘ። ሦስተኛው ቀዳዳ ሲጨመር ቸኮለ፣ "ከዚህ በኋላ ወንፊት ነው የሚሆንልን" አለ። ላቀው ሽጉጡን መለሰለትና ከአጥሩ ሥር ተቀመጠ። ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ ያዘ።

ትከሻው በሐምሌ ነው የተበላሸው። ወንዝ ሲሻገር በቅሎዋ አዳልጧት ጣለችው፤ የአንገቱ ሥር አጥንት ተሰበረ። ወጌሻው አሽቶ አሰረው፤ አጥንቱ ገጠመ፣ ግን ጎብጦ ገጠመ። ላቀው ያርሳል፣ ያጭዳል፣ እንጨት ይፈልጣል። የጠመንጃ ሰደፍ ትከሻው ላይ ማሳረፍ ግን አይችልም። መስከረም ላይ አንድ ጊዜ ክላሹን ተኩሶ ነበር። ሚስቱ አልጣሽ ከመሬት አነሳችው።

በሌላ ሰው ቤት ቢሆን ነገሩ በዚህ ያበቃ ነበር። ላቀው ግን ከፋች ነው።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው የእሱ ቀበሌ፣ በቃና ዘገሊላ የሚካኤል ታቦት ከገባ በኋላ ሜዳው ላይ ዒላማ ይተከላል። ዒላማው በእንጨት ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ቅል ነው። ቅሉ ተሰብሮ መውደቅ አለበት፤ ተበስቶ የቀረ አይቆጠርም። የመጀመሪያውን ጥይት የሚተኩሰው ባለፈው ዓመት ከፋች የነበረው ሰው ነው። ከሰበረ ከፋችነቱ ይጸናለታል፤ ሌሎቹ ለተከታይነት ይተኩሳሉ። ከሳተ ወይም ካልተኮሰ ተራው ለተከታዩ ያልፋል። ከፋች ገንዘብ አያገኝም። ሰርግ ላይ ግን እሱ ሳይቀመጥ ሌላው አይቀመጥም፤ ሽምግልና ሲጠራ ስሙ ከቄሱ ቀጥሎ ይጠራል። የላቀው አባት ከፋች ሆነው ሞቱ። ላቀውም እንደዚያው መሞት ይፈልጋል።

ተከታዩ ቢሆነኝ ነው፤ የላቀው እኅት የወይኒቱ ባል። ጥሩ ተኳሽ ነው፤ አፉ ግን ከተኩሱ ይበልጣል።

"ዋርሳዬ፣ ዘንድሮ በወንጭፍ ነው የምትመጣው አሉ?" አለው ወፍጮ ቤት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት።

"በሽጉጥ ነው የምመጣው።"

"በሽጉጥ! ለቅል ነው ለሌባ?"

ሰው ሳቀ። ላቀው እህሉ ሳይፈጭለት ወጥቶ ሄደ።

የዒላማው ዳኛ አባ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ ዓይናቸው የደከመ፣ ትዝታቸው ያልደከመ ሽማግሌ። ላቀው ቤታቸው ድረስ ሄዶ ጉልበታቸውን ስሞ ለመናቸው። አሰቡበት።

"ሽጉጥም መሣሪያ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ከግማሽ ርቀት ትተኩሳለህ። ሌላው ሕግ እንዳለ ነው።"

"ሌላውን ሕግማ ማን ያውቀዋል ከእኔ በላይ፣ አባ!"

እውነቱን ነው። በሜዳው ሕግ ማንም የራሱን ጥይት አይተኩስም። ተራው የደረሰ መሣሪያውን ባዶ አድርጎ ለዳኛው ያሳያል፤ ተጋጣሚው ከራሱ ዝናር አንድ ጥይት መዝዞ ይሰጠዋል። ጉርሻ ይሉታል። ጥይት ለደብተራ ሰጥተው የሚያስደግሙ ሰዎች አሉ ተብሎ በአባቶቻቸው ዘመን የወጣ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ላይ ከላቀው የበረታ ሰው አልነበረም። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደረሰ የሚባል ጎረቤቱ የተሰጠው ጉርሻ ከሸፈበትና ከኪሱ ሌላ አውጥቶ ቅሉን ሰበረ። ላቀው ብድግ ብሎ፣ "የራሱን የጎረሰ ጠመንጃ አይቆጠርለትም" አለ። ደረሰ ልጆቹ እያዩት ከሜዳው ወጣ።

እንግዲህ ከጥቅምት ጀምሮ የላቀው ሥራ ቅል የሚሰብር ሽጉጥ መፈለግ ሆነ። የቸኮለ ማካሮቭ አልሆነም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቴዎፍሎስ የሚባሉ ጡረተኛ ፖሊስ ስታር ሽጉጥ እንዳላቸው ሰምቶ ሄደ። ሽጉጡ ያማረ፣ የተወለወለ ነበር። ከከተማው ውጭ ወዳለ ገደል ወጥተው ሞከሩት። በተኮሰ ቁጥር ካዝናው ከእጀታው ወጥቶ መሬት ይወድቃል።

"ጠባዩ ነው" አሉ ቴዎፍሎስ። "በግራ እጅህ ደግፈህ ያዘው።"

"በግራ እጄ የምደግፈው አጥንቴን ነው።"

"እንግዲያው ቀበቶ እሰርበት።"

ላቀው ለመሣሪያ ቀበቶ አላስርም ብሎ ተመለሰ። የተሳፈረበት ባጃጅ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ግማሹን በእግሩ ሄደ።

"አልተገኘም?" አለች አልጣሽ።

"አልተገኘም።"

"አንድ ቅል ለመስበር ይህን ያህል ከሆነ፣ እኔ በሙቀጫ ዘነዘና እሰብርልህ ነበር።"

በኅዳር መጨረሻ ቸኮለ ደወለ። አጎቱ የጥንት ኮልት ሽጉጥ አላቸው። አርባ አምስት ነው፤ ጥይቱ አውራ ጣት ያህላል። ላቀው በማግስቱ ቡሬ ደረሰ።

ኮልቱ እንደ መዶሻ ይከብዳል። ላቀው በሁለት እጁ ያዘው፤ ቀኝ ክርኑን አጥፎ ጎኑ ላይ አስጠጋ። ሲተኩስ አፈሙዙ ወደ ሰማይ ተነሳ፤ ሕመሙ ከእጅ አንጓው እስከ አንገቱ ወጣ። ዓይኑን ሲገልጥ ቅሉ አጥሩ ላይ አልነበረም። ስብርባሪው በርበሬው ማሳ ውስጥ ተበትኗል። የቸኮለ ውሻ እስከ ጎረቤት ሮጧል።

"ይኸ ነው!" አለ ላቀው።

"ትከሻዎስ?"

"ተወው ትከሻዬን። ጥይቱ ይገኛል?"

"ከአጎቴ ሳጥን በቀር የለም። ከግሽ ዓባይ እስከ ፈረስ ቤት ቢዞሩ አንድ ፍሬ አያገኙም።"

ላቀው ይህን እንደ ሙገሳ ሰማው። ማንም የሌለውን መሣሪያ ይዞ ሜዳ ላይ ሲቆም ታየው። ሳጥኑን ከነጥይቱ ወሰደ። ያን ሰሞን በየማኅበሩ፣ በየለቅሶው፣ "ከግሽ ዓባይ እስከ ፈረስ ቤት ብትዞሩ" እያለ ይጀምር ነበር። ሰዎቹ ይሰሙታል፤ አንዱም ነገሩን ከጉርሻ ጋር አላያያዘውም። እሱም አላያያዘውም። ቀበሌው በሙሉ የሚይዘው ክላሽ ነው፤ የአንዱ ጥይት ለሁሉ ይገባል። ጉርሻ የጠፋበት ዓመት ኖሮ ስለማያውቅ፣ ይጠፋል ብሎ ማንም አላሰበም።

የሚታሰብ ሌላ ነገር ነበር። የኮልቱን የመያዣ ፈቃድ በስሙ ማዛወር። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ቀጥሎ ማኅተሙን የያዘው ሰውዬ ለቅሶ ሄዷል ተባለ። ሰውዬው ሲመለስ ኮልቱን አገላብጦ፣ "ቁጥሩ አይነበብም" አለ። ላቀው በአመድና በጨርቅ ሲፈትገው ዋለ። ቁጥሩ ሲነበብ ደግሞ፣ "ይኸን የሚያህል ሽጉጥ ለምን ፈለግኸው?" ተባለ።

"ለቅል።"

"ለምን?"

"ለዒላማ። ለበዓል።"

ጸሐፊዋ ጮክ ብላ ሳቀች። ፈቃዱ የተፈረመው ለከተራ ዋዜማ ነው።

በቃና ዘገሊላ ሜዳው ሞላ። ታቦቱ ገብቷል፤ ጎረምሶቹ ጭፈራቸውን ትተው ወደ ዒላማው ዞረዋል። ቸኮለም አጎቱን ይዞ ከቡሬ መጥቶ ከሕዝቡ መሐል ቆሟል። አዲስ ቅል ተሰቀለ። አባ ወልደ ሥላሴ በበርጩማቸው ላይ ሆነው፣ "ከፋች ይቅረብ" አሉ።

ላቀው ወጣ። ኮልቱን ከአፎቱ መዘዘ። ሕዝቡ ኧረ! አለ። ካዝናውን አውጥቶ፣ ውስጡን ከፍቶ ባዶነቱን ለአባ አሳየ።

"ባዶ ነው" አሉ አባ። "አጉርሰው።"

ቢሆነኝ ቀረበ። እጁን ወደ ዝናሩ ሰደደና አንድ ጥይት መዘዘ። የክላሽ ጥይት ነው፤ ቀጭንና ረጅም። ጥይቱን አየ። የኮልቱን አፈሙዝ አየ። ከዚያ ላቀውን አየ።

ላቀው ያኔ ገባው። ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ወረደ።

"ዋርሳዬ፣ ይህማ በአፍህም አይገባም" አለ ቢሆነኝ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከኋላ፣ "በርበሬ አጉርሰው!" ብሎ ጮኸ።

"አርባ አምስት ያለው ሰው አለ?" አሉ አባ ወልደ ሥላሴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ሰው ሁሉ ዝናሩን ዳበሰ፤ ከክላሽ ጥይት በቀር የለም። የቸኮለ አጎት እጃቸውን ዘረጉ፤ ባዶ ነው። የነበራቸው ሁሉ ላቀው ኪስ ውስጥ ነው። ኪሱ ከብዶት ወደ አንድ ጎን ዘንብሏል።

ቢሆነኝ ሳቁን ዋጠ። ላቀው ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ያለ ፊት አሳይቶት አያውቅም፤ ምናልባት ለወይኒቱም ብሎ ይሆናል፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ከኪስህ አንድ ስጠኝ። እኔ መልሼ ላጉርስህ። ከእኔ እጅ ከሆነ ጉርሻ ነው።"

"ይሁን! ይሁን!" አለ ሕዝቡ። ሰው የመጣው ኮልቱን ለመስማት ነው። አባም ራሳቸውን ወደ መስማማት ነቀነቁ። "ተጋጣሚው ከፈቀደ እኔ አልከለክልም። ላቀው፣ አንተስ?"

ላቀው እጁን ኪሱ ከተተ። ጥይቷን በጣቱ ያዛት። ከፊት ረድፍ ጎረቤቱ ደረሰ ቆሞ ነበር፤ ትልቁ ልጁ ከአጠገቡ። ደረሰ አልተቆጣም፣ አልጮኸም።

"ሕጉን ጋሼ ላቀው ያውቁታል" አለ ብቻ።

ላቀው እጁን ከኪሱ አወጣ። ባዶውን ነው ያወጣው።

"አልተኩስም፣ አባ" አለ። "ተከታዩ ይክፈት።"

ኮልቱን አፎቱ ውስጥ ሳይመልስ ጋቢው ውስጥ ጠቅልሎ ወደ ኋላ ሄደ። ከጀርባው የቢሆነኝ ክላሽ ጮኸ፤ ቀጥሎ ስብርባሪ መሬት ሲመታ ተሰማ። እልልታው ሲነሳ አልዞረም።

አልጣሽ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ደረሰችበት።

"ሦስት ወር" አለ ላቀው። "ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሰው እንኳ!"

"እኔ ሴት ነኝ፣ ዒላማ አላውቅም" አለች አልጣሽ። "አንተ ግን ከፋች ነበርህ።"

ላቀው ድንጋይ አንስቶ ወረወረ፤ ትከሻውን ስላመመው ተሳደበ።

በሚያዝያ ኮልቱን ለቸኮለ አጎት መለሰ። በሰኔ የተናቀውን ማካሮቭ ገዛ፤ የማካሮቭ ጥይት በቀበሌው ሁለት ሰዎች ዘንድ እንዳለ አስቀድሞ ጠየቀ። ቅል በማካሮቭ እንዴት እንደሚሰበር ገና አላወቀም ነበር። ከቅሉ አንገት በላይ፣ ከተንጠለጠለበት ሥር ቢመታ ተሰብሮ ይወድቃል ብሎ እያሰበ ክረምቱን ጓሮው ውስጥ አነጣጠረ።

በዚያው ክረምት መጨረሻ አገሩ ጦርነት ውስጥ ገባ፤ በሚቀጥለው ጥር በሜዳው ዒላማ አልተተከለም። ከዚያም ወዲህ አልተተከለም። ቢሆነኝ እስካሁን ከፋች ነው።