እኔ የሠራሁት ይነዝራል?

መምህር ሆኜ ጅግጅጋ ስመደብ ይዤ የሄድኩት አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣና አንድ የሸክላ ኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር። የማስተምረውም ኤሌክትሪክ ነው። ይቺን ልብ በሉልኝ፤ እስከዛሬ የምታሳፍረኝ እሷ ናት።

የምድጃው ሽቦ በተበጠሰ ቁጥር ሁለቱን ጫፍ ቋጥሬ እቀጥለዋለሁ። ቋጠሮው ከሸክላው ወጣ ብሎ ስለሚቀር የድስቱን ቂጥ ይነካል፤ ብረት ድስት ከሆነ ደግሞ ይነዝራል። እኔ መላውን አውቄዋለሁ፤ በእንጨት ማማሰያ አማስላለሁ፣ ድስቱን ከመንካቴ በፊት ሶኬቱን እነቅላለሁ። ክፍል ስገባ ግን "ሽቦ ቋጥሮ የሚቀጥል ተማሪ እንዳላይ!" እያልኩ እጮሃለሁ። ጉደኛ ነኝ እኮ!

ግቢ የምንጋራው ጎረቤቴ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ባሏ ለግመል ንግድ ደገሀቡር ሄዷል። በረመዳን አንድ ቀን፣ አስር ሰዓት ገደማ፣ ዝናብ ከሰሏን አበሰበሰውና የማፍጠሪያ ሾርባዋን ሳትጥድ ቀረች። ብረት ድስቷን ይዛ በሬ ላይ ቆመች።

"መዓሊን" አለችኝ፤ በሶማሊኛ መምህር ማለቷ ነው። "ምድጃህን ታውሰኛለህ? ግን አይነዝርም አይደል?"

ጠየቀችኝ እኮ! በአፏ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ተናቅሁ ብዬ ደሜ ፈላ።

"እኔ የሠራሁት ይነዝራል?" አልኳት።

"ኧረ አፉ በለኝ" ብላ እየሳቀች ወሰደችው።

ብዙም ሳይቆይ ጩኸቷን ሰማሁ። ሮጬ ስገባ ሾርባው ወለሉ ላይ ፈሷል፤ እሷ በባዶ እግሯ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛለች። የብረት ጭልፋዋ አጠገቧ ወድቋል። "ልጄ አይንቀሳቀስም" አለችኝ። ሶኬቱን ነቅዬ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኳት። እስኪመረምሯት ድረስ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የማላውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለይኩ።

የፅንሱ ልብ ደህና እየመታ ነበር። ነርሷ ምን እንደነካት ስትጠይቃት "ድስቴ ነው" አለች። "የእናቴ ድስት ነው፣ ቂጡ ጎብጧል። ለከሰል እንጂ ለመብራት አይሆንም። ምድጃውማ የመዓሊን ነው፣ ምንም የለውም።"

እኔም አጠገቧ ቆሜ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

በማግስቱ የእናቷን ድስት ለቆራሌው ሰጠችው። ከገበያ ቂጡ ዝርግ የሆነ አዲስ ድስት ገዝታ መጣችና "ይሄስ ለምድጃህ ይሆናል?" አለችኝ። ያኔ እንኳ እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? "ምድጃው ተበላሽቷል" ብዬ ዋሸኋት።

"ውይ! እንግዲያ እስክትሠራው ከእኛ ቤት ትበላለህ፣ ወላሂ እምቢ አትበለኝ!"

የረመዳንን ቀሪ ቀናት ሁሉ፣ ያን ሆድ ይዛ ጎንበስ ብላ ከሰል እያራገበች ያበሰለችውን በላሁ። ሾርባውን ስታቀርብልኝ ሁልጊዜ የምትለኝ አንድ ነገር ነበር።

"ተጠንቀቅ መዓሊን፣ ያቃጥላል።"